በዱባይ ሠርቶ ስለ መቆጠብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዱባይ ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ቁጠባ ሲነጋገሩ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በደመወዙ ማነስ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ የሚያልቀው ገንዘብ የሚወጣው ልብ ተብለው ከማይነበቡ ቁጥሮች፣ ማለትም ከመብራት ሂሳቡ፣ ከምንዛሪ ተመኑና ከሥራ ውሉ ነው።

«ዱባይ ግብር የለም»

ከደመወዝ የሚቆረጥ የገቢ ግብር አለመኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል፤ ቤት ተከራይም የዓመት ኪራዩን 5 በመቶ ለከተማው አስተዳደር በየወሩ ከመብራትና ከውሃ ሂሳብ ጋር ይከፍላል። የዓመት ኪራዩ 48,000 ድርሃም ለሆነ ቤት ይህ በወር 200 ድርሃም ነው። ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ሰዎች «ኤሲው ሲሠራ ያደረው በማን ክፍል ነው?» ብለው ከመጨቃጨቃቸው በፊት ደረሰኙን ዝርዝር በዝርዝር ቢያነቡት መልካም ነው።

«ኮሚሽን የማይጠይቅ ሐዋላ ርካሽ ነው»

ብዙ ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። ላኪው ድርጅት ኮሚሽን ባይቀበልም ትርፉን የሚያገኘው ከተመኑ ላይ ቀንሶ ነው። ለምሳሌ አንዱ ያለ ኮሚሽን ድርሃሙን በ39 ብር፣ ሌላው ደግሞ 20 ድርሃም ኮሚሽን ተቀብሎ በ40.50 ብር ይመነዝራል እንበል። ለ1,000 ድርሃም በመጀመሪያው ቤተሰብ እጅ የሚገባው 39,000 ብር ሲሆን በሁለተኛው ኮሚሽኑ ተቀንሶም 39,690 ብር ይደርሳል። ማመሳከሪያውም ቀላል ነው፦ ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.6725 ሆኖ ከዶላር ጋር ስለ ተሳሰረ፣ የዕለቱን የዶላር ዋጋ በብር ወስዶ ለዚሁ ቁጥር ማካፈል የድርሃሙን ትክክለኛ ዋጋ ይሰጣል። ዶላሩ 150 ብር ቢሆን ድርሃሙ 40.84 ብር ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ልዩነት የላኪው ድርጅት ነው።

«አገር ቤት በብር የተቀመጠ ገንዘብ አይነካም»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 100,000 ብር አስቀምጦ የነበረ ሰው የብሩ ቁጥር ባይቀንስበትም፣ በዶላር ሲተመን ከ1,750 ገደማ ወደ 1,000 ዶላር እና ከዚያ በታች ወርዶበታል። በቅርቡ ለግንባታ ወይም ለቤተሰብ የማይውል ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ በሚያዝ የዳያስፖራ ሂሳብ ቢቀመጥ ይሻላል።

«እቁብ ትርፍ ያስገኛል»

አያስገኝም። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ። ጥቅሙ ገንዘቡ በየወሩ ሳይበላ እንዲሰበሰብ ማስገደዱ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም።

«የስንብት ክፍያ የሚሰላው በሙሉ ደመወዝ ነው»

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል፤ ስሌቱ ግን በመሠረታዊ ደመወዝ እንጂ የቤትና የትራንስፖርት አበልን ጨምሮ አይደለም። (የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።) ሁለት ሰዎች እኩል 3,000 ድርሃም ቢከፈላቸው፣ መሠረታዊው 1,500 የሆነው በአምስት ዓመት 5,250 ድርሃም፣ 2,400 የሆነው ደግሞ 8,400 ድርሃም ያገኛሉ። ስለዚህ ውል ሲፈረም አሠሪው «ድምሩ ያው ነው» ቢልም፣ ድርድሩ መደረግ ያለበት በመሠረታዊ ደመወዙ መስመር ላይ ነው።