በብርድ ወራት አደን ስለ አለባበስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኤልክ የተባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ በጠመንጃ የሚታደንባቸው ዋና ዋና ቀናት በኦክቶበርና በኖቬምበር ወራት ላይ ይውላሉ። አዳኙ ጎህ ሳይቀድ ጠመንጃውንና ከባድ ሻንጣውን ተሸክሞ የሮኪ ተራሮችን ዳገት ይወጣል፤ ከላይ ከደረሰ በኋላ ግን ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ይጠባበቃል። አደጋው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ በዳገቱ ላይ የወጣው ላብ አዳኙ በተቀመጠበት ይበርድበታል። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተራራው ቅርባቸው ስለሆነ፣ ለአደን ባይሆን ለእግር ጉዞ ለሚወጣም ሰው ጉዳዩ አንድ ነው።

«ብርድ ስለሆነ ገና ከመኪና ስንወርድ በደንብ መደራረብ አለብን»

ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት ይህ ነው። ጡንቻ ከሚጠቀመው ኃይል ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ብቻ ሲሆን ቀሪው ሙቀት ይሆናል። ተቀምጦ ያረፈ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ከዚያ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ ወፍራሙን ካፖርት ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት እየበረደ መነሣት ትክክለኛው አካሄድ ነው። ሰውነት መሞቅ ሲጀምር፣ ላቡ እስኪወርድ ሳይጠበቅ ኮፍያና ጓንት ይወልቃሉ፣ የደረት ዚፕ ይከፈታል፣ ይህም ካልበቃ እርምጃ ይቀነሳል። እርምጃን መቀነስ ብዙ አዳኞች የሚንቁት ነገር ነው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ውድ ልብስ ይልቅ ላብን የሚከላከለው እርሱ ነው።

«ቢያልበኝም ስቀመጥ ይደርቃል»

ይደርቃል፤ የሚደርቀው ግን ከገላችን በሚወስደው ሙቀት ነው። አንድ ሊትር ላብ ለመትነን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ፣ ከገላ ጋር የተጣበቀ እርጥብ ሸሚዝ በላዩ የተደረበውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። አዋቂ አዳኝ በሻንጣው ደረቅ የውስጥ ልብስ ይይዛል፤ መቀመጫው ዘንድ እንደደረሰም ሰውነቱ ገና ትኩስ ሳለ እርጥቡን ቀይሮ ካፖርቱን ወዲያውኑ ይደርባል። ብርድ ብርድ እስኪለው ከጠበቀ ዘግይቷል።

«ጥጥ ያሞቃል»

በጋቢ ላደገ ሰው ይህን ማስተባበል ቀላል አይደለም። ጋቢ በእርግጥ ያሞቃል፤ የሚያሞቀው ግን ደረቅ ሆኖ፣ በእጥፎቹ መካከል አየር ይዞ፣ ለባሹም ዕረፍት ላይ ሳለ ነው። ጥጥ ላብ ሲጠጣ ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ከገላ ላይ ይለጠፋል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የጥጥ ካናቴራና ጂንስ ሱሪ ለዚህ ጉዞ አይሆኑም። የሱፍ ክር ግን የክብደቱን 30 በመቶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ እንኳ ማሞቁን አያቆምም፤ የመንዝ ሰው ውርጩን ከበግ ፀጉር በተሠራ ባና መመከቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከገላ ጋር ለሚገናኘው ልብስ ሜሪኖ ከተባለው የበግ ዝርያ የሚገኘው ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር የተባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመረጣል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ነገር ግን የላብ ሽታን ይይዛል፤ የኤልክ አፍንጫ ደግሞ እጅግ ንቁ ስለሆነ ለአደን ሱፉ ብልጫ አለው።

«ልብሱ በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል»

የሚያሞቀን በልብሶቹ መካከል የሚታገደው አየር ነው። ተጨናንቆ የተደረበ ልብስ ያን አየር ያስወጣል፤ ጫማ ውስጥ በግድ የገባ ሁለተኛ ካልሲም የደም ዝውውርን አግዶ ጣቶችን ያቀዘቅዛል። የላባ ጃኬት ሲረጥብ ስለሚሟሽሽ፣ ለዕረፍት ሰዓት ተጠብቆ ይቆይ እንጂ ዳገት አይወጣበትም።

«ውሃ የማያስገባው ጃኬት ላብን ያስወጣል»

ጎር-ቴክስና መሰሎቹ ውሃ የማያስገቡ ጨርቆች ተንን የሚያሳልፉት በውስጥና በውጭ ባለው የእርጥበት ልዩነት ነው፤ ኃይለኛ ዳገት ላይ የሚወጣውን ላብ ሁሉ ግን ሊያስወጡ አይችሉም። ዝናብ ወይም እርጥብ በረዶ ከሌለ፣ ለመውጫው ነፋስ የሚከላከል ስስ ልብስ ይበቃል።

«ብርቱካናማው ልብስ ከተለበሰ በቂ ነው»

የኮሎራዶ ሕግ በጠመንጃ አደን ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች፣ ማለትም 3,200 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ ከሁሉም በላይ እንዲታይ፣ የራስ መሸፈኛውም እንዲሁ እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ ካፖርት ሲወልቅም ሲደረብም ብርቱካናማው ወይም ሮዙ ሰደርያ መልሶ ከላይ መዋል አለበት። ለሙቀት ብሎ ኮፍያውን የሚያወልቅ ሰውም በዚያው ቀለም ስስ ቆብ ይያዝ፤ ሌላ አዳኝ ከሩቅ የሚለየው በዚህ ቀለም ነውና።

«ከዜሮ በታች ካልሆነ ብርድ አይገድልም፤ ቢበርድም ትንሽ አረቄ ያሞቃል»

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ለሞት የሚያበቃ አደጋ ሲሆን፣ ልብሱ የረጠበና ነፋስ ያገኘው ሰው ከዜሮ በላይም ሊደርስበት ይችላል። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ ዚፕ መዝጋት እስኪያቅት የጣቶች አለመታዘዝ፣ የንግግር መጎተትና መደናቀፍ ናቸው፤ የሚንቀጠቀጠው ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ የከፋ ደረጃ ላይ ደርሷል። እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚለይ ነገር ማንጠፍ፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ መጠጥ መስጠትና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። አረቄ ግን በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች አስፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል፤ የሚሰማው ሙቀት እየጠፋ ያለው ነው።