ሙላቱ አስታጥቄ፦ ከቫይብራፎኑ እስከ ስቱዲዮ መመለሱ

የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ) ጅማ ተወለደ። ኢንጂነሪንግ ይማር ተብሎ ገና በልጅነቱ ዌልስ ተላከ፣ እዛ ግን ልቡ ወደ ሙዚቃ ሄደና ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ከዛም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ። በርክሊ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው ይባላል።

መሣሪያውን ለማያውቅ፦ ቫይብራፎን እንደ ፒያኖ ቁልፍ የተደረደሩ ብረቶች አሉት፣ የሚመታው ጫፉ በተጠቀለለ ዱላ ነው፣ ከየብረቱ ሥር ቱቦ አለ፣ ቱቦው አፍ ላይ ደግሞ በሞተር የምትዞር ክዳን ድምፁን ታወዛውዘዋለች፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ አየር ላይ ይቆያል። ሙላቱ ኖታ አያበዛም፣ አንዷን መትቶ እስክትጠፋ ይጠብቃታል፣ ለዚህም ነው ትዝታ በሱ እጅ እንደዛ የሚያምረው።

በ1966 ኒውዮርክ ላይ ከኢትዮጵያ ኩዊንቴት ጋር አፍሮ ላቲን ሶል የተባሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። እነዚህ ላቲን ያመዝንባቸዋል። ዋናው ነገር የመጣው በኋላ ነው፦ አምስት ድምፅ ያላቸውን የኛን ቅኝቶች ከላይ አድርጎ ከሥራቸው የአስራ ሁለት ድምፁን ሃርመኒ መዘርጋት፣ ቅኝቱ ሳይበላሽ። ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ ትንሽ ከበዛ አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። በ1972 ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ፣ በ1974 ደግሞ በአምሃ እሸቴ አሳታሚነት የካቲት ኢትዮ ጃዝ ወጡ። በመሀል በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብረው ተጫውተዋል። ከሙላቱ በፊት አርመናዊው ሙዚቀኛ ነርሲስ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ዜማ ለኦርኬስትራ አቀናብሯል የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ከጃዝ ጋር አዋህዶ ራሱን የቻለ ስልት ያደረገው ሙላቱ ነው።

ከዛ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው፣ የሸክላ ህትመቱም ቆመ፣ ብዙዎቹ ሲሰደዱ ሙላቱ አገሩ ቀረ።

ለውጪው ዓለም እንደገና የተሰማው በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባለውን የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 4ኛ ቅጽ በድሮ ቅጂዎቹ ሲያወጣ ነው። በ2005 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ብሮክን ፍላወርስ ፊልሙ ውስጥ የከርሞ ሰውን፣ የግሌ ትዝታንና ጉብልዬን አስገባቸው፣ ከዛ በኋላ ስሙን የማያውቅ የጃዝ አድማጭ ጠፋ ማለት ይቻላል። በ2007 ሃርቫርድ ለምርምር ጋበዘው፣ እዛም የያሬድ ኦፔራውን አንድ ክፍል አቀረበ፣ ክራርንም ለማዘመን ሞከረ።

ወደ ስቱዲዮ የተመለሰው ግን የድሮውን ሊደግም አልነበረም። በ2009 ከለንደኑ ባንድ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር የሰራው አልበም ከበሮው ሻካራና ጨለም ያለ ነው፣ ቫይብራፎኑ በመሀሉ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሲገባ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቦታ ይለቅለታል። ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ በ2010 ተከተለ፣ በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፣ በ2013 ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ መጣ፣ እዚህ ላይ ጋምቤላን፣ ጉሙዝንና ሱርማን በየስማቸው የሚጠሩ ሥራዎች አሉ፣ ኢትዮ ጃዝ የደጋው ቅኝት ብቻ አይደለም ለሚለው የጋሽ ሙላቱ የዘመናት ክርክር ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በ2025 ደግሞ ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ ላይ የከርሞ ሰውንና ሌሎች የቆዩ ሥራዎቹን በአዲስ ቅንብር፣ ክራርና ማሲንቆ ጨምሮ፣ እንደገና ቀረጻቸው።