«አዲሱ ሶላር እስኪመጣ ልጠብቅ?» ስለ ፔሮቭስካይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሶላር ለማስገጠም ዋጋ ከሚያጠያይቁ ሰዎች አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «34 በመቶ የሚሠራ አዲስ ሶላር ወጥቷል ይባላል። አሁን ከምገዛ አንድ ሁለት ዓመት ብጠብቅ አይሻልም?» ወሬው መሠረት የለሽ አይደለም። የቻይናው የሶላር አምራች ሎንጂ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ፔሮቭስካይት የሚባለውን አዲስ ብርሃን ሰብሳቢ ቁስ፣ የተለመደው ፓኔል በሚሠራበት በሲሊከን ላይ ደርቦ፣ ሴሉ ላይ ከሚያርፈው የብርሃን ጉልበት 34.85 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየሩ እውነት ነው። ችግሩ ከቁጥሩ የሚወሰደው ድምዳሜ ነው። ቀላል ቀላሎቹን ስህተቶች ቶሎ እንለፋቸውና ይህኛው ላይ እንቆይ።

«ፔሮቭስካይት ከመሬት የሚቆፈር ብርቅ ማዕድን ነው»

ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ከማዕድን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 በሩሲያ ኡራል ተራሮች የተገኘው ፔሮቭስካይት የካልሲየምና የቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። ሶላሩ ከእሱ የወሰደው የክሪስታሉን አደራደር ብቻ ነው። ቅመሙ የሚዘጋጀው ከሊድ (እርሳስ) አዮዳይድና ከፎርማሚዲኒየም ወይም ከሲዚየም ጨዎች ነው።

«ሲሊከን አብቅቶለታል»

34.85 የተገኘው ከሥሩ ሲሊከን ስላለ ነው። በቃ።

«ሙቀት በበዛ ቁጥር ሶላር ይበረታል»

ሶላር የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ፐርክ የሚባለው የሲሊከን ፓኔል በየዲግሪው ከጉልበቱ ወደ 0.35 በመቶ ያጣል። ሌሎቹ የሲሊከን ዓይነቶች፣ ቶፕኮን 0.30 ግድም፣ ሄትሮጀንክሽን ደግሞ 0.25 ግድም ያጣሉ። ሴሉ 65 ዲግሪ ሲደርስ ፐርኩ 14 በመቶውን ጣለ ማለት ነው። ስለዚህ ፓኔል ቆርቆሮ ላይ አይለጠፍም፤ ከሥሩ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር የአየር መተላለፊያ ይተዋል። የፔሮቭስካይት ኪሳራ ከሁሉም ያነሰ መሆኑ የአዲሱ ቴክኖሎጂ እውነተኛ ብልጫ ነው፤ ሆኖም በወሬው ውስጥ ማንም አያነሳውም።

«እንደ ቀለም ግድግዳ ላይ ይቀባል»

ፈሳሽ ሆኖ መዘጋጀቱ ልክ ነው። ቀሪው ግን ቅዠት ነው። ብርሃን የሚውጠው ንብርብር ውፍረቱ 500 ናኖሜትር ግድም ነው፤ ከሥሩና ከላዩ ደግሞ ከዚያም የሳሱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ንብርብሮች አሉ። በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ከተፈጠረ ላይና ታቹ ይገናኙና ሾርት ያደርጋል። ሥራው የሚሠራው በጠባብ ቀዳዳ ቀለሙን እኩል በሚያፈስ ማሽን ነው፤ ከዚያ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ባለ ሙቀት ለደቂቃዎች ይጋገራል፤ በመጨረሻም አየር እንዳይገባው ይታሸጋል። የጃፓኑ ሴኪሱይ ኬሚካል ግድግዳ ላይ የሚያሳየው ተጣጣፊ ፊልም በፋብሪካ ተሠርቶና ታሽጎ ያለቀ ነው። ግድግዳው ጋ ሲደርስ የቀረው መለጠፍ ብቻ ነው።

«እርሳስ ስላለበት ይመርዛል»

ስሌቱን እንሥራው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 500 ናኖሜትር ሽፋን ማለት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። የታወቀው ፔሮቭስካይት በሴንቲ ሜትር ኪዩብ አራት ግራም ግድም ይመዝናል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ሁለት ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ እርሳሱ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ማለትም 0.7 ግራም ግድም ነው። ከተለመደው የሶላር ሲስተም ጋር የሚሸጠው 100 አምፔር አወር ያለው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሠላሳ ኪሎ ግድም ነው፤ ከግማሽ በላዩም እርሳስ ነው። አልጋ ሥር ከ15 ኪሎ በላይ እርሳስ አስቀምጦ ጣሪያ ላይ ላለው 0.7 ግራም እንቅልፍ ማጣት አይገባኝም።

ሥጋቱ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። የፔሮቭስካይቱ እርሳስ ውሃ የሚያሟሟው ጨው ስለሆነ መስታወቱ ተሰንጥቆ ዝናብ ቢገባ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን መስታወት ይሆናል፤ እርሳስን ይዞ የሚያስቀር ንብርብርም ይጨመራል።

«ሪከርዱ ከወጣ ገበያ መድረሱ የወራት ጉዳይ ነው»

የነገሩ ሁሉ እናት ይህች ናት። መጀመሪያ ይጠየቅ፦ 34.85 በመቶ የተለካው በምን ያህል ስፋት ላይ ነው? አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ነው። በብዛት ከሚሸጡት ትልልቅ ፓኔሎች አንዱ 2.278 በ1.134 ሜትር ነው፤ ከዚያች ናሙና ከ25 ሺህ ጊዜ በላይ ይሰፋል። ስፋት ሲጨምር ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ድርብ ሴል የሚሠራውን የእንግሊዝ ድርጅት የኦክስፎርድ ፒቪን መንገድ መከተል ይበቃል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በሙሉ መጠን ሴል 28.6 በመቶ አስመዘገበ። በ2024 በቤት ጣሪያ መጠን በተሠራ ፓኔል 26.9 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወደ አሜሪካ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ የንግድ ፓኔሎች 24.5 በመቶ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ጥሩ ጥሩዎቹ የሲሊከን ፓኔሎች 23 እና 24 በመቶ ሆነው ይሸጡ ነበር።

ልዩነቱ የፋብሪካ ስንፍና አይደለም። በላብራቶሪ ቀለሙ በሚሽከረከር ትንሽ መስታወት ላይ ይንጠባጠባል፤ አብዛኛው ተፈናጥሮ ይባክናል፤ ክሪስታሉን የሚያስጀምረው ሌላ ፈሳሽ ደግሞ በተወሰነችው ሰከንድ ይጨመራል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አይሽከረከርም፤ ጠርዙና መሃሉም እኩል አይደርቁም። ስለዚህ በቫኪዩም ወይም በአየር ምላጭ (በቀጭን መስመር በሚነፋ ኃይለኛ አየር) ማድረቅ የግድ ነው። ድርብ ሴል ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ላይኛው ፔሮቭስካይት በዓይን የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን፣ ታችኛው ሲሊከን በዋናነት ኢንፍራሬዱን ይወስዳሉ። ሁለቱ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆነ የጠቅላላውን አምፔር የሚወስነው ደካማው ነው። አንዱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 20 ሚሊ አምፔር ሰጥቶ ሌላው 19 ከሰጠ፣ የሚወጣው 19 ነው። ከዚያ የብር መስመሩ አለ። በተራ ሲሊከን ላይ የብር ፔስት ከ700 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል፤ ፔሮቭስካይት ግን ከ150 በላይ በአግባቡ አይችልም። በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቀው ፔስት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ያነሰ ስለሆነ ብር ይበዛበታል፤ ብር ደግሞ ውድ ነው።

ስፋቱ ተፈታ እንበል። ዕድሜስ? ጃፓናዊው ተመራማሪ ሚያሳካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳዩት የመጀመሪያው ሴል 3.8 በመቶ ይሠራ ነበር፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ግን በደቂቃዎች ውስጥ አሟሟው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተኪዷል። በሙቀት ተንኖ የሚወጣው ሜቲልአሞኒየም በፎርማሚዲኒየምና በሲዚየም ተተካ። ሆኖም ጠላቶቹ ብዙ ናቸው፦ እርጥበት፣ ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ አልትራቫዮሌት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሱ ክሪስታል ውስጥ የሚንቀሳቀሱት አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች)። የተለመደው የፓኔል ማሸጊያ ኢቪኤ እንኳ አይስማማውም፤ ወደ 150 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይጣበቃል፣ እያረጀም አሴቲክ አሲድ ያወጣል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት የሚጣበቅ ፖሊኦሌፊን በመካከል፣ ቡቲል ጎማ በጠርዙ ዙሪያ ይገባል። ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ከሳተ እርጥበቱ ከዚያ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይበላል።

እዚህ ላይ «አይኢሲ 61215 አልፏል፣ ስለዚህ 25 ዓመት ይቆያል» የሚል ሌላ ስህተት ይከተላል። ይህ ዓለም አቀፍ የፓኔል ጥንካሬ ፈተና 1000 ሰዓት በ85 ዲግሪና በ85 በመቶ እርጥበት፣ እንዲሁም 200 ዙር ከዜሮ በታች 40 እስከ ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ ያካትታል። የተቀረጸው ግን ሲሊከን በየት በየት እንደሚበላሽ ለአሥርተ ዓመታት ታይቶ ነው። የእርጥበቱ ፈተና የሚካሄደው በጨለማ ነው፤ ፔሮቭስካይትን የሚጎዳው ደግሞ ብርሃንና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ቀን በርቶ ሌሊት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከሰርተፊኬቱ በተጨማሪ በ85 ዲግሪ ብርሃን በርቶበት ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ውጭ ተተክሎም በዓመት ስንት በመቶ እንደቀነሰ ይጠየቃል። ይህን የማይመልስ ሻጭ ዋስትናውን የጻፈው በተስፋ ነው።

አሁን «ልጠብቅ?» ወዳለው ሰው ሒሳብ እንምጣ። ባለ 200 ዋት ፓኔል አምስት ሙሉ የፀሐይ ሰዓት በሚገኝበት ቦታ፣ 25 በመቶ ለሽቦ፣ ለባትሪና ለሙቀት ኪሳራ ቢቀነስ፣ በቀን 750 ዋት አወር ይሰጣል። መብራት፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን ይችላል። በ22 በመቶ ፓኔል ይህ 0.91 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ በ27 በመቶ 0.74። ሁለት ዓመት በጨለማ ተቀምጦ የሚተርፈው 0.17 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ነው። የቤት ሲስተም ቀድሞ የሚወድቀው በባትሪው ነው እንጂ በፓኔሉ ብቃት አይደለም፤ ተጨማሪ ገንዘብ ካለ ወደዚያ ይሂድ። መጠበቅ የሚያዋጣው ቦታ በእውነት ለጠበበበት ነው፦ ለመኪና ጣሪያ፣ ለሳተላይት፣ ብዙ ፎቅና ትንሽ ጣሪያ ላለው ሕንፃ።

ወሬው የከፈተው ሌላ በር ደግሞ ማጭበርበር ነው። «አዲስ ቴክኖሎጂ፣ 1000 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓኔል ሲያጋጥም ሜትር ያውጡ። ርዝመቱን በስፋቱ ያባዙ፤ ዋቱን ለተገኘው ካሬ ሜትርና ለ1000 ያካፍሉ። 2.278 በ1.134 ሜትር ከሆነ 2.58 ካሬ ሜትር ነው፤ 1000 ዋት ማለት ከ38 በመቶ በላይ ነው። ይህን እንኳን ሱቅ፣ የሎንጂ ላብራቶሪም አልደረሰበትም። በዚያ ስፋት ከ550 እስከ 620 ዋት ቢባል ያስኬዳል።

ከዚያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ቪኤምፒ (Vmp፣ ፓኔሉ ከፍተኛ ጉልበት ሲሰጥ ያለው ቮልት) በአይኤምፒ (Imp፣ በዚያው ጊዜ ያለው አምፔር) ሲባዛ የተጻፈውን ዋት መስጠት አለበት። ያንኑ ዋት ቪኦሲ (Voc፣ ምንም ሳይያያዝበት ያለው ቮልት) በአይኤስሲ (Isc፣ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ያለው አምፔር) ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ሲያካፍሉ በጤነኛ ሲሊከን ከ0.75 እስከ 0.83 ይወጣል፤ 0.9 ከሆነ ጽሑፉ ውሸት ነው፣ 0.6 ከሆነም አይግዙ። በመጨረሻም እኩለ ቀን ላይ ፓኔሉን ወደ ፀሐይ አዙረው መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ይለኩ፦ ንባቡ ከተጻፈው ቪኦሲ ጥቂት ቮልት ዝቅ ቢል ሴሉ ስለጋለ ነው። በአንድ ሦስተኛ ዝቅ ካለ ግን ከሦስቱ የሴል ረድፎች አንዱ ሞቷል ወይም ባይፓስ ዳዮዱ (ጥላ ያረፈበትን ረድፍ ኤሌክትሪኩ እንዲያልፈው የሚያደርገው ክፍል) ሾርት አድርጓል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ፓኔል ያስወጡ።