«ከዓለም ስንተኛ ነው?» ለምትሉ ሁሉ

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ የሚመርጡ ተማሪዎችን ማማከር ነው። ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከዓለም ስንተኛ ነው?» ምን ላጥና፣ ማን ያስተምረኛል፣ ክፍያውን ማን ይችልልኛል የሚሉት ከመጡም ኋላ ነው የሚመጡት። ይህ ጥያቄ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ለተሳሳተ ምርጫ ሲዳርግ ስላየሁ፣ ከጀርባው ያሉትን አመለካከቶች ላንሳቸው።

ቀላሎቹን ቶሎ ልለፍ።

«ስታንፎርድ እና ኤም አይ ቲ አይቪ ሊግ ናቸው።» አይደሉም። አይቪ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1954 በይፋ የተመሠረተ የ8 ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሊግ ነው። ሁለቱ አንድም ቀን አባል ሆነው አያውቁም፤ ይህም ምንም አላጎደለባቸውም።

«ኦክስፎርድም ካምብሪጅም አመልክቼ የተቀበለኝ ጋር እገባለሁ።» ለመጀመሪያ ዲግሪ በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት አይቻልም። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

«ደረጃው የትምህርቱን ጥራት ይነግረኛል።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ደረጃው የሚነግራችሁ አውጪው ምን እንደቆጠረ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውን የሻንጋይ ደረጃ እንመልከት። ከነጥቡ 30 በመቶው የኖቤል ሽልማት እና ፊልድስ ሜዳልያ የተባለው ትልቁ የሒሳብ ሽልማት ነው፤ 10ሩ ለቀድሞ ተማሪዎች፣ 20ው ለመምህራን። ሌላ 20 በመቶ «ኔቸር» እና «ሳይንስ» በተባሉ ሁለት መጽሔቶች ላይ ለወጡ ጥናቶች ይሰጣል። መምህሩ ክፍል ገብቶ እንዴት እንደሚያስተምር ግን በቀጥታ አይለካም። በዚህ ቆጠራ የተነሳ በርሊን ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአሮጌው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት፣ አንስታይንን ጨምሮ፣ ኖቤላቸው ለማን ይቆጠር? ለዛሬው ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ወይስ እዚያው በርሊን እ.ኤ.አ. በ1948 ለተመሠረተው ነጻ ዩኒቨርሲቲ? ዛሬ እዚያ ባዮሎጂ ልትማር ለምትመዘገብ ልጅ መልሱ ምን ይጠቅማታል?

ኪው ኤስ የተባለው ደረጃ ደግሞ ለብዙ ዓመታት 40 በመቶውን የሰጠው ለዝና ነበር። ለምሁራን መጠይቅ ይላካል፤ በሙያቸው የተሻሉ የሚሏቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ድርሻ ወደ 30 በመቶ ዝቅ አድርጎ አዳዲስ መለኪያዎች ሲጨምር፣ የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ከ27ኛ ወደ 10ኛ ዘለለ። መምህራኑ ያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያው፣ ላቦራቶሪው ያው ነበር። በዋናነት የተለወጠው ስሌቱ ነው። ለዚህም ነው በአንድ ጊዜ ሦስት «አንደኛ» የሚኖረን፤ ለሻንጋይ ሃርቫርድ፣ ለኪው ኤስ ኤም አይ ቲ፣ ለታይምስ ሃየር ኤጁኬሽን ኦክስፎርድ። ሦስቱም በየመለኪያቸው ትክክል ናቸው።

አውጪዎቹ ራሳቸው እንኳ ወደ ታች ሲወርዱ ልዩነቱን መለየት ያቆማሉ። ሻንጋይ ከ100ኛ በኋላ «ከ101 እስከ 150» ብሎ በጅምላ ያስቀምጣል። ታዲያ 34ኛውን ከ41ኛው አበልጦ ወዳጅ ዘመድ ጋር መጣላት ምን የሚሉት ነው?

አንዲት ተማሪዬ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ቅበላ አገኘች። አንዱ በደረጃ በጣም የላቀ ነው፤ ግን ሙሉ ገንዘብ አልሰጣትም፣ በእሷ ርዕስ ላይ የሚሠራም ሰው የለውም። ሌላው ብዙ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ግን ክፍያዋን ሙሉ በሙሉ ችሏል፣ ጥናቶቹን ስታነብ የኖረችው ፕሮፌሰርም እዚያ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «የመጀመሪያው!» አለ። እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች። ሁለተኛውን መረጠች፤ ዛሬ በራሷ ርዕስ ጥናት ታሳትማለች። በዚህ ምርጫ ማንም ሊያሳፍራት አይገባም ነበር።

ቁጥሮቹን በከፊል ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው እንደሚያቀብሉም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዩኤስ ኒውስ በሚያወጣው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ 2ኛ ነበር። የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ የተላኩትን መረጃዎች አንድ በአንድ መርምሮ ጥያቄ አነሳ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው 18ኛ ሆነ።

«የሚቀበለው ሰው ባነሰ ቁጥር የበለጠ ነው።» ይህ የሚያሳየው ስንት ሰው እንዳመለከተ ነው። አንስታይን የተማረበት የዙሪኩ ኢ ቲ ኤች ዩኒቨርሲቲ ማቱራ የተባለው የስዊስ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ያለውን ተማሪ ያለ መግቢያ ፈተና ይቀበላል። ማጣራቱ የሚመጣው በአንደኛ ዓመት ፈተና ነው። ደካማ ነው የሚለው ሰው የለም።

«ስም ያለው ካልገባሁ ደሞዜ አለቀለት።» ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ብቃት ያላቸውን፣ እኩል ቅበላ ያገኙ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። ወደ ታዋቂው የሄደውም ያልሄደውም በአማካይ ተቀራራቢ ገቢ ነበራቸው። ከድሃ ቤተሰብ ለመጡት ግን ታዋቂው ጥቅም አስገኝቷል። ስለዚህ ስም ዋጋ የለውም አልልም፤ ዋጋው እንደ ሰዉ ይለያያል።

ይህም ወደ መጨረሻው ይወስደኛል፤ «ታላላቆቹ ለሀብታም ልጅ ብቻ ናቸው።» ይህን አምነው ሳያመልክቱ የቀሩትን ሳስብ ያመኛል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን እና ኤም አይ ቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከውጭ አገር የሚያመለክትን ተማሪ እንኳ መክፈል አይችልም ብለው አይጥሉትም። ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞሉለታል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ የመክፈል አቅምን አይቶ ይወስናል። ስለዚህ የደረጃ ሠንጠረዡን ዝጉና የየዩኒቨርሲቲውን የገንዘብ ድጋፍ ገጽ ክፈቱ። ግልጽ ካልሆነ በኢሜይል ጠይቁ፤ ይመልሳሉ። ቀጥሎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ገጽ ግቡ። የመምህራኑን ስም፣ የሚሰጡትን ኮርሶች እና የቅርብ ጊዜ ሥራዎቻቸውን አንብቡ። አሁን እዚያ የሚማሩ ሁለት ሦስት ተማሪዎችም ፈልጋችሁ፣ መምህሩ ቢሮው ይገኝ እንደሆነ ጠይቋቸው።