ቀዩ አፈርና ዋልካው፦ ለፊት ስለሚቀቡ ሸክላዎችና ጭቃዎች

ከአዲስ አበባ መሀል ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጡ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ በእንጦጦ ሥር የሚረገጠው አፈር ቀይ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲና ወደ ዱከም ሲወርዱ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ ይቀበልዎታል። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ዐለት ብስባሽ ናቸው፤ የለያያቸው በአብዛኛው የውሃው አካሄድ ነው። ዝናብ እያጠበ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድንና የብረት ዝገት ይቀራሉ። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ግን ታጥቦ የወረደው ማግኒዥየምና ካልሲየም ስለሚጠራቀም ስሜክታይት የተባለው ማዕድን ይፈጠራል። በኮስሞቲክስ ቤቶች መደርደሪያ ላይ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡት የፊት ሸክላዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት ወገኖች የአንዱ ዘመድ ናቸው። ነጩ ካኦሊን ከቀዩ አፈር ይዛመዳል፤ ቤንቶናይት ከዋልካው።

በከተማዋ ዳርቻ ቤት የሠራ ሰው ስለ ፊት ሸክላ ሳይነገረው ብዙ ያውቃል። ዋልካ በክረምት ከጫማ ሥር እየተደራረበ ለሰው ቁመት ይጨምርለታል፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የአጥር ቋሚ ያዘነብላል፤ ግድግዳ ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንበኞች መሠረት ከመጣላቸው በፊት ዋልካውን ቆፍረው ያወጡና ሴሌክት በሚሉት አፈር ይተኩታል። ገበሬው ግን ይህንኑ ጠባዩን ይወድለታል። ዝናቡ ሲያባራ የተዘራ ሽምብራ፣ ዋልካው አምቆ በያዘው እርጥበት ለፍሬ ይበቃል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት በዐይን አይታይም። የሸክላ ማዕድን ቅንጣት ከሁለት ማይክሮሜትር ያነሰች ስትሆን፣ እንደ ብራና ቅጠል በተነባበሩ ስስ ንጣፎች የተሠራች ናት። በካኦሊናይት ንጣፎቹ እርስ በርስ ጠብቀው ስለተያያዙ ውሃ በመካከላቸው አይገባም። በስሜክታይት ትስስሩ ልል ነው፤ ውሃ ይገባና ያራርቃቸዋል፣ ሲደርቅ ተመልሰው ይገጥማሉ። አንድ ግራም ካኦሊናይት ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ገደማ የገጽ ስፋት አለው። ከስሜክታይት ወገን የሆነው ሞንትሞሪሎናይት፣ የውስጥ ንጣፎቹ ሲቆጠሩለት፣ በአንድ ግራም ወደ 800 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ወዛም ፊትን የሚያደርቀው የዚህ ስፋት የመምጠጥ ኃይል ነው። በዱቄቱ ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቀለም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይነግረንም፤ ሮዝና ቀይ የሚባሉትን ያቀላቸው የብረት ዝገት ነው።

ከእንጦጦ ሥር አንድ እፍኝ፣ ከአቃቂ አንድ እፍኝ አምጥቼ፣ በውሃ ለውሼ፣ በሁለት ሰሃን ላይ እንደ ቂጣ ደልድዬ ፀሐይ ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ቀዩ ጥቂት የጠርዝ ስንጥቅ ብቻ አሳይቶ እንዳለ ደረቀ። ዋልካው ከሰሃኑ ጠርዝ ሸሽቶ ወደ መሀል ተሰበሰበ፤ እንደ ኤሊ ድንጋይ ተከፋፍሎም ዳርዳሩ ወደ ላይ ተቆለመመ። ቤንቶናይት ፊት ላይ ሲደርቅ ጉንጭን ወጥሮ ሳቅ የሚከለክለው በዚሁ ጠባዩ ነው። በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ሙያ ይህን ጠባይ መግራት ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ዘዴ፣ የሚሸሸውን አፈር አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ቀላቅሎ ማረጋጋት ነው።

ካኦሊን ስሙን ያገኘው በቻይና ጂያንግሺ ግዛት፣ ጂንግዴጄን ከተባለችው የሸክላ ዕቃ ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የጋኦሊንግ መንደር ነው። ትርጉሙ ከፍ ያለ ኮረብታ ማለት ነው፤ የእኛም ቀይ አፈር ከኮረብታ ሥር መገኘቱ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። በአገራችን በጉጂ ዞን ቦምቦውሃ የሚወጣው ካኦሊን ለሐዋሳ የሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ለፊት ሲሆን ከሸክላዎች ሁሉ ገሩ ነው፤ ወዝን በመጠኑ ያነሣል እንጂ ቆዳን አይወጥርም። ደረቅና ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ሸክላ መሞከሩ ካልቀረ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ቤንቶናይት የሚፈጠረው የእሳተ ገሞራ አመድ በውሃ ውስጥ ቆይቶ ሲለወጥ ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ሶዲየም ያለበት ዓይነት፣ ውሃ ሲነካው ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የቁፋሮ ጭቃ የሚያደርጉት እሱን ነው። ካልሲየም ያለበት ብዙም አያብጥም፤ ለፊትም በብዛት የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ጤናማ ቆዳ በፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ የሆነ ለስላሳ አሲድነት ሲኖረው፣ ቤንቶናይት ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሰዎች በውሃ ፈንታ ጥቂት አቼቶ ጠብ የሚያደርጉበት ለዚህ ነው፤ ፈጠራው ተገቢ ቢሆንም መጠኑን ማብዛት ራሱ ያቃጥላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የአዲስ አበባ ደረቅ ነፋስ ቤንቶናይትን ፊት ላይ እስኪሰነጠቅ መተው የቆዳን እርጥበት አብሮ መስጠት ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ መታጠብ ይበቃል።

በሞሮኮ ከመካከለኛው አትላስ ተራሮች አጠገብ፣ በሙሉያ ሸለቆ የሚወጣው ጋሱልም የስሜክታይት ወገን ነው፤ ማግኒዥየም ይበዛበታል። ስሙ ማጠብ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። የሞሮኮ ሴቶች በሐማም ሰውነታቸውንና ጠጉራቸውን ሲታጠቡበት ኖረዋል፤ ለልብስ ማጠቢያ እንዶድ ሲወቅጡ ለኖሩ እናቶቻችን ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። በሕንድና በፓኪስታን የሚወደደው የሙልታን አፈር፣ በፈረንሳይ አረንጓዴ እየተባለ የሚሸጠውም ሸክላ በአሠራር ከቤንቶናይት ብዙ አይርቁም።

ጭቃ ሌላ ነው። በሸክላ ዱቄት ላይ ውሃውን የምንጨምረው እኛ ነን፤ ለሕክምና የሚቀባ ጭቃ ግን ውሃውን፣ ጨውንና ብስባሹን ይዞ ከቦታው ይመጣል። የሙት ባሕር ውሃ 34 በመቶ ገደማ ጨው ስላለበት ጭቃውም በማግኒዥየም ጨው የተሞላ ነው፤ በተላጨ ወይም በተቧጨረ ቆዳ ላይ የሚለበልበውም በዚሁ ነው። በጣሊያን አባኖ ጭቃው በፍል ውሃ ውስጥ ከ50 እስከ 60 ቀናት ተዘፍዝፎ እንዲበስል ይደረጋል፤ ለግድግዳ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ ቀናት ያሳደረ ሰው ይህንን ትዕግሥት ያውቀዋል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ዙሪያ ቢሆንም፣ ወደ ፍልውሃም ወደ ሶደሬም የሚሄደው ሰው የሚፈልገው ውሃውን እንጂ ጭቃውን አይደለም። በከተማችን ለፊትና ለጠጉር ከጥንት የታወቀው ቅቤ ነው። አፈርን ከቅቤ ጋር አዋሕደው ለውበት ያዋሉት በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የሐመር ሴቶች ናቸው፤ ቀዩን አፈር በቅቤ ለውሰው ጠጉራቸውን ይሠሩበታል።

ስለ ፈዋሽነቱ የሚባለው ከሚታወቀው ይበልጣል። ሸክላ ወዝንና ቆሻሻን ከላይ ያነሣል፤ መርዝ ከሰውነት የሚያወጡት ግን ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ማድያትም በሸክላ አይለቅም። በጀርመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ የሸክላና የጆጆባ ዘይት ማስክ የተጠቀሙ ሰዎች የፊታቸው ብጉርና ቁስለት በአማካይ በ54 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ሆኖም ማስኩን ያልተጠቀመ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ሥራውን ዘይቱ ይሥራው ሸክላው ወይም ጊዜ፣ ከዚያ አይለይም። በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ የሚገድሉ ጥቂት ሸክላዎች መኖራቸውም ታውቋል። የገዳይነታቸው ምንጭ የያዙት የብረትና የአሉሚኒየም ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱ ስለገደለ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሌላው ይገድላል ማለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ከጓሮ ቆፍረን ለምን አንቀባም? በአማርኛ አንድ ሰው አጥብቆ ሲለምን «አፈር ስሆን» ይላል፤ እኔም እዚህ ላይ የምለው ይህንኑ ነው። ከሜዳ የተቆፈረ አፈር የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ በፋብሪካና በመኪና መንገድ ዳር የተኛው ደግሞ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ይሰበስባል። ያ የመምጠጥ ችሎታው መጥፎውንም አይመርጥም። ታሽጎ መሸጡም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የቤንቶናይት ምርቶች ከፍተኛ እርሳስ እንዳለባቸው አስጠንቅቋል። ዱቄቱን ሲያማስሉ የሚቦነውም አቧራ ለሳንባ ጠንቅ የሆነ ደቃቅ ሲሊካ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ውሃውን አስቀድሞ ዱቄቱን ቀስ ብሎ መነስነስ ይሻላል።

ቀዩ አፈር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ከትንኝ የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ወስዶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎታል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ በተለይም በዘሩ ተጋላጭ ከሆነ፣ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ዘልቀው፣ ከሰውነት የተረፈውን ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ እግሩ እያበጠ፣ ቆዳው እየሻከረና እየጠጠረ ይሄዳል። በኢትዮጵያ በዚህ የተያዙት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል፤ አብዛኞቹም አራሾች ናቸው። ቀድሞ ለደረሰበት ሰው የሚታዘዘው፦ እግርን በየዕለቱ በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው።