ሰቆቃ ምን ማለት ነው? ከስቃይስ በምን ይለያል?

ሰቆቃ ሲባል ብዙዎቻችን «ከባድ ስቃይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ልክ ነው፤ ዛሬ በአማርኛ የምንጠቀምበት በዚሁ ትርጉም ነው። ግን ቃሉ ሲነሳ የሕመም ስም አልነበረም። የድምፅ ስም ነበር፤ የሚያለቅስ፣ ዋይ የሚል ሰው ድምፅ።

ምንጩ ግዕዝ ነው። በግዕዝ አስቆቀወ ማለት አለቀሰ፣ ዋይ ዋይ አለ፣ ሙሾ አወረደ ማለት ነው። ሰቆቃው ደግሞ ለቅሶ፣ ዋይታ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» የቃሉ አካል ናት እንጂ በአማርኛ «በሬው» ስንል እንደምንጨምራት አይደለችም። አማርኛ ቃሉን ሲወስድ እሷን ጣላትና ሰቆቃ ብሎ አስቀረው። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ «ሰቈቃ» ተብሎም ታገኙታላችሁ፤ ያው ነው።

የድሮው ትርጉም ሳይነካ የቆየው በመጻሕፍት ስም ላይ ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስን ውሰዱ። የኤርምያስ ስቃይ ማለት አይደለም፤ የኤርምያስ ለቅሶ ነው። እኛ «የ» ብለን የምናያይዘውን ግዕዝ የቃሉን መጨረሻ ለውጦ ያያይዘዋል፤ ሰቆቃው ሰቆቃወ የሆነው ለዚህ ነው። መጽሐፉ 5 ምዕራፍ ብቻ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን አፍርሰው ሕዝቧን ማርከው ከወሰዱ በኋላ ለቀረችው ባዶ ከተማ የተለቀሰ ነው፤ ከተማዋን ራሷን ባሏ እንደሞተባት ሴት አድርጎ ያስለቅሳታል። አይሁድ መጽሐፉን በመጀመሪያ ቃሉ «ኤካ» ብለው ይጠሩታል፣ «እንዴት!» ማለት ነው። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ አደራደሩ ነው። ከ5ቱ ምዕራፎች 4ቱ የዕብራይስጥን ፊደል ተራ ተከትለው የተገጠሙ ናቸው። ያን ያህል ሐዘን ውስጥ ሆኖ በፊደል ተራ መግጠም! ለቅሶው የዘፈቀደ ጩኸት አይደለም፤ ታስቦበት፣ ሌላው እንዲይዘውና አብሮ እንዲለው የተሠራ ነው።

ሌላው ሰቆቃወ ድንግል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ይባላል። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ወደ ግብጽ ስትሰደድ የደረሰባትን እያነሳ የሚያለቅስ ድርሰት ነው። እዚህም ቃሉ ለቅሶ ነው። ግን የሚለቀስለት ነገር ስደት፣ ረሃብ፣ ጥም፣ እንግልት ስለሆነ ለቅሶውና መከራው በሰሚው ጆሮ አንድ ላይ ይገባሉ። ቃሉ ከለቅሶ ወደ ስቃይ የተሻገረው እንዲህ ባለ መንገድ ይመስለኛል። ያስለቀሰው ነገር የለቅሶውን ስም ወረሰ።

ከስቃይ ጋር ግን ዘመድ አይደሉም። ድምፃቸው ስለተቀራረበ አንድ ሥር ያላቸው ይመስላል። ሥቃይ የመጣው ሣቀየ ከሚለው ሌላ የግዕዝ ግሥ ነው፤ አስጨነቀ፣ አሠቃየ ማለት ነው። በንጉሡ «ሠ» መጻፉም ከዚያ ነው። ስቃይ የሚደርስብህ ነገር ነው። ሰቆቃ ከአንተ የሚወጣው ነው። ዛሬ ሁለቱን እያቀያየርን ብንጠቀምባቸውም፣ «የሰቆቃ ድምፅ» «የሰቆቃ ጩኸት» ስንል ያ የጥንቱ ነገር ብቅ ይላል።

ሌሎቹን የመከራ ቃላትም አጠገቡ አድርጋችሁ እዩ። ፍዳ ፈደየ ከሚለው የመጣ ነው፤ ከፈለ፣ ብድራት መለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ፍዳ ሲባል ከበስተጀርባው ዕዳ አለ። አበሳም በግዕዝ ኃጢአት፣ በደል ነው፤ «አበሳዬን አየሁ» የምንለው ኋላ የመጣ ነው። በሁለቱም ቃላት ውስጥ የሚሠቃየው ሰው የሆነ ጥፋት አለበት የሚል ነገር ተቀብሯል። ሰቆቃ ይህ የለበትም። ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም፣ ሰው እያለቀሰ ነው ይላል፣ በቃ። እኔ ቃሉን የምወደው ለዚህ ነው።

በዘመናችን አንድ ተጨማሪ ሥራ አግኝቷል። በሰብአዊ መብት ጽሑፎች እስረኛን ለማናዘዝ ወይም ለመበቀል ሆን ተብሎ የሚፈጸም ማሠቃየት «ሰቆቃ» ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ይህን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1994 እ.ኤ.አ.። ሰኔ 19 ደግሞ በየዓመቱ የሰቆቃ ሰለባዎች የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። «ሰቆቃ ተፈጸመበት» ሲባል እንግዲህ ፈጻሚ አለ ማለት ነው። «ሰቆቃ ደረሰበት» ግን ለጦርነትም፣ ለስደትም፣ ለረሃብም ይሆናል። ዜና የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ባያምታታ ደስ ይለኛል፤ አድራጊው የታወቀ ሆኖ ሳለ «ደረሰበት» ሲባል በደሉ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

ለወረፋ፣ ለመንገድ መዘጋጋት፣ ለኢንተርኔት መቆራረጥ «ሰቆቃ» ሲባልም እሰማለሁ። ለዚያ እንግልት አለ፣ ጣጣ አለ፣ ምሬት አለ። ሰቆቃን ለዚህ ካዋልነው፣ ልጇን የቀበረች እናት ወይም ከእስር ቤት ምድር ቤት የወጣ ሰው የደረሰባቸውን ለመናገር ሲፈልጉ ምን ቃል እንተውላቸዋለን?