ከቤት ምልክት እስከ ምልክት ቋንቋ፦ በኢትዮጵያ ሳይሰሙ ማደግ

መስማት የተሳናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እናት በምታውቀው ቋንቋ ታባብላለች፣ ልጁ ግን አይሰማትም። እሱ በዓይኑ ሊይዘው የሚችለውን ቋንቋ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ መስማት የተሳነው ልጅ አፍ መፍቻ ቋንቋውን ብዙ ጊዜ የሚለምደው ከእናቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነው። ያውም ትምህርት ቤት ከገባ።

መንስኤው ብዙ ነው። በዘር የሚወረስ አለ። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎችም መስማትን ይነጥቃሉ። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ በሚመጣው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኝ ደርሶባታል። በስድስት ዓመቱ በማጅራት ገትር መስማት ያቆመ ልጅ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ አስቀድሞ ይዟል። ከተወለደ ጀምሮ ያልሰማው ግን ምንም የንግግር ቋንቋ አልያዘም። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። «አፉን አልፈታም እንጂ ደህና ነው» ይባላል። «አባቱም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብሎ የሚያጽናና ዘመድ አይጠፋም። ጠበል ይሞከራል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። በዚህ መሃል ዓመታት ይሄዳሉ። አንጎል ቋንቋን እንደ ልብ የሚቀበለው ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ነው።

ልጁ ግን እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። ከቤተሰቡ ጋር የራሱን መግባቢያ ይፈጥራል። ባለሙያዎች የቤት ምልክት ይሉታል። አባት ጢም በመዳሰስ፣ ቄሱ በመስቀል፣ ገበያ ብር በመቁጠር ሊገለጹ ይችላሉ። ጀሪካን ጠቁሞ በእጅ ወደ ቧንቧው ማመልከት «ውሃ ቅዳ» ነው። የቤት ምልክት ቀልድ አይደለም፤ ልጆቹ ምልክቶቹን የሚደረድሩት የራሳቸው ሥርዓት አበጅተው እንደሆነ በጥናት ታይቷል። ችግሩ ከደጃፍ አለማለፉ ነው። ጎረቤት አያውቀውም። ለሚታይ ነገር ይሠራል፣ ለ«ለምን» እና ለ«አምና» ግን አቅም ያንሰዋል።

አያት ሲሞት ምን እንደሚሆን አስቡት። ልጁ ድንኳን ሲተከል ያያል። ሰው ይጎርፋል፣ እናቱ ደረቷን ትደቃለች፣ ንፍሮ ይቀርባል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይፈርሳል፣ የአያት አልጋ ግን ባዶ ነው። ሞት ምን እንደሆነ፣ አያት ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ሊነግሩት ቢፈልጉስ በምን ቋንቋ?

ጥፋቱ የጆሮ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የሌላው ልጅ ታሪክ ነው፤ በምልክት ቋንቋ ከሚግባቡ ወላጆች የተወለደው። እሱ ገና በሕፃንነቱ በእጁ ይኮላተፋል። የመጀመሪያ ምልክቱን የሚያሳየው የሚሰማ ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን በሚያወጣበት ዕድሜ አካባቢ ነው። የጎደለው ነገር የለም፣ ምክንያቱም ቋንቋው ቤት ውስጥ አለ።

ቋንቋው ቤት ለሌለው ልጅ ተስፋው ትምህርት ቤት ነው። በአዲስ አበባ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የመካኒሳውን ትምህርት ቤት የከፈቱት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ናቸው። በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው አዳሪ ትምህርት ቤትም ከብዙ አካባቢ ልጆች ተቀብሏል። የመስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1963 ዓ.ም. ነው። ሚስዮናውያኑ የየአገራቸውን ምልክት ይዘው መጡ። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ውስጥ የአሜሪካ ምልክት ብዙ ነው፣ የሰሜን አውሮፓም አሻራ አለበት። ለእንጀራና ለጀበና ግን ከውጭ የሚመጣ ምልክት አልነበረም። የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ጨመሩበት፤ በተለይ ማታ ማታ፣ አዳሪ ቤት ውስጥ፣ አስተማሪ በሌለበት።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የጣት ፊደሉ ነው፤ ቃልን ፊደል በፊደል በእጅ ማሳያው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ስላለው 26 የእጅ ቅርጽ ይበቃዋል። ለእኛ ከሁለት መቶ በላይ ለሆነው ፊደል በዚህ መንገድ ቅርጽ ማበጀት የማይታሰብ ነው። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተገኘ፦ የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤተሰብ ይነግራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን። «ለ» እና «ሎ» አንድ ቅርጽ ናቸው፤ የሚለያቸው እንቅስቃሴው ነው። ቅርጾቹንና ሰባቱን እንቅስቃሴ የያዘ ሰው ሀሁን ጨርሷል ማለት ይቻላል። የጣት ፊደል ግን ለስምና ለማይታወቅ ቃል ነው እንጂ ወሬ በእሱ አይወራም። ሰውም ቢሆን ሁልጊዜ በፊደል አይጠራም። ከጠባሳው፣ ከፀጉሩ ወይም ከአመሉ ተነስተው ጓደኞቹ የምልክት ስም ያወጡለታል።

ብዙ ሰው ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር ይመስለዋል። አይደለም። «አልሰጠችኝም» ስንል ማን፣ ለማን፣ እንዴት የሚለውን ሁሉ አንድ ግሥ ላይ እንጭናለን። በምልክት ግን ልጅቷ አየር ላይ ቦታ ይሰጣታል፤ የመስጠት ምልክት ከእሷ ቦታ ተነስቶ ወደ ተናጋሪው ይመጣል፤ ጭንቅላት ይነቀነቃል። ጥያቄ በቅንድብ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ሰዋስው ይዞ ያደገ ተማሪ አማርኛ ሲጽፍ የግሡ ጫፎች ቢምታቱበት ስንፍና አይደለም፤ ሁለተኛ ቋንቋ፣ ያውም ሰምቶት በማያውቀው ቋንቋ እየጻፈ ነው።

«ከንፈር አያነብም እንዴ?» የሚል ጠያቂ አይታጣም። መስታወት ፊት ቆሞ ድምፅ ሳያወጡ «በራ» እና «መራ» ማለት ነው። ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። «ቀና» እና «ገና»ም እንዲሁ፤ ሥራው ያለው ከአፍ ውስጥ ከኋላ ነው። ከንፈር የሚረዳው ወሬውን ግማሽ ለሚያውቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ግን ንግግር ብቻ ይሰጥ ብለው ወሰኑ፣ ምልክትም ከብዙ የዓለም ትምህርት ቤቶች ተባረረ። ጉባኤው በተወሰነው ነገር መጸጸቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት ፈጀበት።

በአገራችን ፈተናው የሚብሰው ልጁ ከፍ ሲል ነው። የራሱን ትምህርት ቤት ጨርሶ ከሚሰሙ ልጆች ጋር ሲቀላቀል ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ አያገኝም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያስረዳል፣ እሱ የተጻፈውን ይገለብጣል። አንዳንዱ ይህንንም አልፎ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ምልክት ቋንቋ መማር እንዲመቻች ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። «ሁሉ» ሲባል የእጁም ቋንቋ መቆጠር አለበት ባይ ነኝ።

ስማርት ስልክ ብዙ ነገር አቅልሏል። ድሮ ለቀጠሮ ሰው ይላክ ነበር፣ አሁን በቪዲዮ ጥሪ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያሉ ጓደኛሞች በምልክት ሲሳሳቁ ያመሻሉ፤ ዳታው እስኪያልቅ። ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ግን አስተርጓሚ ማግኘት አሁንም ዕድል ነው። ታማሚዋ እህቷን ወይም ወንድሟን ይዛ ትሄዳለች። ዶክተሩ ስለ ወር አበባዋ ይጠይቃል፣ ወንድም አቀርቅሮ በቤት ምልክት ሊያስረዳት ይሞክራል፣ እሷም ያልገባትን ጥያቄ «አዎ» ብላ ትመልሳለች። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በዚያ መልስ ነው።